ፍቅራችሁ እጁን እንዳያስረው፦ ከስትሮክና ከሽባነት በኋላ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሰኞ አንዲት ልጅ አባቷን ይዛ መጣች። ስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ፣ ከመታቸው አራት ወር ሆኗቸዋል። ተራ እየጠበቁ ሳለ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከአገልግሉ እንጀራ አወጣችና ታጎርሳቸው ጀመር። እሳቸው አፋቸውን እየከፈቱ ይቀበላሉ። ቀኝ እጃቸው ጋቢው ውስጥ ነው። ጋቢውን ገለጥ ባደርገው ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው ሊገናኙ ትንሽ ነው የቀራቸው።

«ይህ እጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚንቀሳቀሰው?» አልኋት።

«ቆየ፤ ሁለት ወር ይሆነዋል» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አይበሉበትም?»

«እንዳይደክማቸው ብዬ ነው።»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ሆኜ እሠራለሁ። «እንዳይደክማቸው ብዬ ነው» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። አብዛኞቹ የማያቸው ስህተቶች የሚመጡት ከፍቅር ነው። ለዚህም ነው አብዝተው የሚያሳዝኑኝ።

ማጉረስ

እኛ አገር መብያው ቀኝ እጅ ነው። በግራ መብላት ነውር ነው። ስትሮክ የግራውን አንጎል ከመታ ደግሞ የሚይዘው ቀኙን ጎን ነው። ሰውየው በግራው እንዳይበላ ያፍራል። ቀኙ አይታዘዝለትም። እንግዲህ ማን ያብላው? ሚስት ታጎርሳለች። ልጅ ታጎርሳለች። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤትም ያጎርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው መብላት አለበት። ችግሩ በሦስተኛው ወርም፣ በስድስተኛው ወርም ያው መሆኑ ነው። እጁ ቀስ እያለ ሲነቃ የሚያየው ሰው የለም። የእጁ ባለቤት ራሱም አያየውም፤ እጅ እንዳለው ከረሳ ቆይቷል።

ይህን መርሳት ሳይንሱ ያውቀዋል። «አለመጠቀምን መልመድ» ልንለው እንችላለን። ነገሩን ያጠናው ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። በጦጣዎች ላይ ነበር የሠራው። ከአንድ ክንዳቸው ስሜት ተቀብሎ የሚያመጣው ነርቭ ሲቆረጥ ጦጣዎቹ ያን ክንድ ጨርሰው ተዉት። የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ግን አልተነካም ነበር። ክንዱ መሥራት ይችላል። ሞክረው ሞክረው ስላልሆነላቸው መተዉን ለመዱ። ታውብ ደህናውን ክንድ ሲያስርባቸው በተጎዳው መጠቀም ጀመሩ።

ከዚያ በሰው ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ስትሮክ የመታቸውን 222 ሰዎች አሳተፈ። ሁሉም ከታመሙ ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው ናቸው። ግማሽ ያህሉ ደህና እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አጠለቁ። ነቅተው ከሚያሳልፉት ጊዜ 90 በመቶውን ከጓንቱ ጋር እንዲቆዩ ነበር መመሪያው። ለ2 ሳምንት። የደከመውን እጅ በየቀኑ ለሰዓታት አሠሩት። የእነዚህ ሰዎች እጅ ከሌሎቹ በልጦ ተሻሻለ። ከዓመት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም።

አንድ ሌላ ጥናት ልጨምር፤ እኔን የለወጠኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ራንዶልፍ ኑዶና ባልደረቦቹ በጦጣዎች አንጎል ውስጥ እጅን የሚያዝዘውን ክፍል በከፊል ጎዱት። ልምምድ ባልሠሩ ጦጣዎች ላይ ከጉዳቱ የተረፈው የእጅ ክፍል ሳይቀር እየጠበበ ሄደ። በተጎዳው እጅ እንዲሠሩ የተደረጉት ግን የተረፈላቸውን ጠበቁ። በአንዳንዶቹ የእጁ ክፍል ቀድሞ ክርንና ትከሻን ያዝዝ ወደነበረው ቦታ ገፍቶ ገባ።

ይህን ለአንድ የማቻከል ገበሬ ነገርኋቸው። እኔ ካነበብሁት በላይ ገባቸው። «ጦም ያደረ ማሳ ጎረቤት ይገፋዋል» አሉኝ። «ድንበር ነው የምትይኝ።» አዎ፣ ድንበር ነው። አንጎል ውስጥ ያለው የእጅ ማሳ ካልታረሰ ሌላው ይወስደዋል።

ስለዚህ እጁ ነቃ ካለ ማጉረሱን ቀንሱ። መጀመሪያ ዳቦ ስጡት፤ ድፍን ያለ ነገር ለመያዝ ይቀላል። ቀጥሎ ጥቅልል ያለ ፍርፍር። ከዚያ እንጀራ መቁረስ። ሽሮ አጥቅሶ ወደ አፍ ማድረስ የመጨረሻው ነው፤ ከባድ ሥራ ነው። ምሳው አንድ ሰዓት ይፍጅ። ወጡ ይፍሰስ። ነጠላው ይቆሽሽ። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ አጫውቱት፣ ግን እጃችሁን አትላኩ። በእውነት ሲደክመው የቀረውን አጉርሱት። ያኔ ጉርሻው የፍቅር ጉርሻ ነው።

ከምግብ ውጭም እንዲሁ ነው። እናት ከሆኑ ምስር ይልቀሙ፣ ጥጥ ያባዝቱ፣ ባዶ ጀበና አንስተው ያስቀምጡ። አባት ከሆኑ ገመድ ይግመዱ፣ ቁልፋቸውን ራሳቸው ይቆልፉ። የሚያውቁትን ሥራ ስጧቸው። ፕላስቲክ ኳስ ሲጨብጡ ከመዋል ቡና ቢለቅሙ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ይህን አንብባችሁ ደህናውን እጅ በነጠላ እንዳታስሩት። ያ ዘዴ የሚሆነው የደከመው እጅ አንጓና ጣቱ ትንሽም ቢሆን ለሚዘረጋ ሰው ነው። ባለሙያም ሊያየው ይገባል። እጁ የታሰረ ሰው ሲወድቅ የሚደገፍበት የለውም።

«ነርቭ አይበቅልም» እና «ነርቭ ይበቅላል»

ሁለቱንም እሰማለሁ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ።

ከሕብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ከሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ወጥቶ ወደ እጅና እግር የሚሄድ ነርቭ ተቆርጦ እንኳ ያድጋል። ጫፎቹ በቶሎ በቀዶ ጥገና ከተገናኙ ዕድሉ የበለጠ ነው። ፍጥነቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወጣት ክርኑ አካባቢ በማጭድ ተቆርጦ ቢመጣ፣ ከዚያ እስከ ጣቱ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከአንድ ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት ማለት ነው። በሦስተኛው ወር «አልዳነም» ብሎ የሚተው ቤተሰብ ገና ያልደረሰ እህል አጭዶ እንደሚጥል ሰው ነው።

አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል እ.ኤ.አ. በ1906 ኖቤል የተሸለመ የነርቭ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዝኛ በወጣው መጽሐፉ የአዋቂ አንጎል መንገዶች ያለቀላቸውና የማይታደሱ መሆናቸውን ጻፈ። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ይህን ይዘው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሞንትሪያል ውስጥ ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጉዋዮ ከአይጥ እግር ነርቭ ወስደው ለሕብለ ሰረሰሩ ድልድይ አደረጉለት። አይበቅልም የተባለው ነርቭ በድልድዩ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ አደገ። ነርቩ ማደጉን አልረሳም፤ ያለበት ቦታ ነው የከለከለው። በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ ማርቲን ሽዋብ ከከልካዮቹ አንዱን አገኘ። በአንጎል ነርቮች ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ኖጎ ተባለ። ከጉዳቱ በኋላ የሚፈጠረው ጠባሳም መንገድ ይዘጋል።

ምርምሩ ይቀጥላል፤ እኔም ዜናውን በጉጉት እከታተላለሁ። ነገር ግን የተቆረጠን ሕብለ ሰረሰር እንደ ድሮው አድርጎ የሚመልስ መድኃኒት ዛሬ የለም።

ታዲያ ስትሮክ የመታው ሰው እንዴት ይነሣል? የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። መጀመሪያ እብጠቱ ይቀንሳል። ደንግጦ ዝም ያለው አካባቢ ይነቃል። ከዚያ የተረፉት ሕዋሳት አጫጭር ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ጎረቤት ያለው ክፍል ሥራውን ይማራል። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላና የተለመደው መሻገሪያ ሲዘጋ ምን እናደርጋለን? ወደ ላይ ወጥተን ሌላ መሻገሪያ እንፈልጋለን። መጀመሪያ ቁጥቋጦ ነው፣ ድንጋይ ነው። ሰው በተመላለሰበት ቁጥር ግን መንገድ ይሆናል። ማንም ካልሄደበት ሣር ይበላዋል።

አሥር ጊዜ አንቀሳቅሶ «ሠራን» ማለት

እንዲህ ከሆነ መመላለስ ያስፈልጋል። ብዙ መመላለስ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ፊዚዮቴራፒ ክፍል ቁጭ ብለው ቆጠሩ። በአንድ ቀጠሮ ሕመምተኛው የደከመ ክንዱን ለሥራ ያዘዘው በአማካይ 32 ጊዜ ነበር። በእንስሳት ላይ አንጎልን የለወጡት ጥናቶች ግን በቀን 400 እና ከዚያ በላይ ያሠራሉ። እኔ ራሴ ለስንት ሰው «ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር» ብዬ ልኬአለሁ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ከደብረ ኤልያስ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ቁጥር አይወዱም። «ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔ ምን አውቅልሽ» ይሉኛል። አንገታቸው ላይ መቁጠሪያ አየሁ። ባለ 41 ፍሬው ነው። «እማማ፣ ጸሎትዎን በዚህ በደከመው እጅ ይቁጠሩት» አልኋቸው። እያንዳንዱን ፍሬ በአውራ ጣታቸው እየገፉ። አሥር ዙር ከሆነ 410 ነው። መጀመሪያ አንድ ዙር ለመጨረስ እግዚኦታው ያልቅና እጃቸው መሀል ላይ ይቆም ነበር። አላቋረጡም፤ ጸሎት ስለሆነ ማቋረጥ አይችሉም። ሁለት ወር ሳይሞላ በዚያው እጅ ነጠላቸውን አጣፉ። እኔ ካዘዝሁት ልምምድ ሁሉ የተዋጣለት ይህ ነው።

ቅቤ ቀብቶ ማሸትን የምትወዱ አላችሁ። ማሸት እጁ እንዳይደርቅ ይረዳል፤ ሰውም ደስ ይለዋል። ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅስለት ግን አንጎሉ የሚማረው ጥቂት ነው። ሕመምተኛው ራሱ መሞከር አለበት። ባይንቀሳቀስ እንኳ ይሞክር፤ እናንተ ደግፉት። መስተዋትም ይረዳል። መስተዋቱን በሁለቱ እጆች መሀል፣ ፊቱን ወደ ደህናው እጅ አድርጋችሁ አቁሙና የደህናውን እጅ ምስል መስተዋቱ ውስጥ እያየ ሁለቱንም ለማንቀሳቀስ ይሞክር። ዓይኑ የደከመው እጅ የሠራ ይመስለዋል። ጠቀሜታው በጥናት የተደገፈ ነው። ዋጋው ደግሞ የአንድ መስተዋት ዋጋ ነው።

«ስድስት ወር ካለፈ በቃ»

ይህን የተናገርሁት እኔ ነኝ።

ሥራ እንደጀመርሁ ነው። አንድ መምህር ከዳንግላ አካባቢ ይመጡ ነበር። ቀኝ እጃቸው ዘገየ። ባለቤታቸው «ተስፋ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ትምህርት ቤት የተማርሁትን ነገርኋቸው። ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ብዙ አትጠብቁ አልሁ። የመጀመሪያው ነገር እውነት ነው። ሁለተኛውን ግን በር እንደሚዘጋ አድርጌ ነው የተናገርሁት። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

ከዓመት ተኩል በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸው ማታ ማታ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆማቸው ነበር። በጠመኔ ፊደል ያስጽፋቸዋል። ከ«ሀ» ጀምሮ። ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔ ነበራቸው፤ አጠገባችን የነበረ የቆርቆሮ አጥር ላይ ስማቸውን ጻፉልኝ። ጽሑፉ የተንጋደደ ነው፣ ግን ይነበባል። አልተቆጡኝም። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ መግባት አቃተኝ።

የታውብን ዘዴ በመጀመሪያ የሞከሩት ሰዎች ስትሮክ ከመታቸው ከአንድ ዓመት በላይ የሆናቸው ነበሩ። እነሱም ተሻሽለዋል። ቀድሞ መጀመር ይሻላል። ዘግይቶ መጀመርም ካለመጀመር እጅግ ይሻላል።

መቸኮልም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በ5 አገሮች የተካሄደ ጥናት 2,104 ሰዎችን ተከታተለ። ስትሮክ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ብዙ እንዲነሡና እንዲቆሙ የተደረጉት ከሌሎቹ ያነሰ ውጤት ነው ያገኙት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከአልጋ ጎትታችሁ አታቁሙት። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ አጠር አጠር አድርጋችሁ ጀምሩ።

ክንድ መጎተት

ሕመምተኛ ስታነሡ በደከመው ክንድ አትጎትቱ፤ በብብቱ ሥርም አትሸከሙት። ትከሻውን ይዞት የነበረው ጡንቻ ስለላላ ይወልቃል። ከዚያ ወዲያ እጁን ስንነካው ይጮኻል፣ ልምምድ የለም። ወገቡ ላይ መቀነት እሰሩና እሱን ይዛችሁ አንሡት። ከዝቅተኛ ዱካ ማስነሣት ከባድ ነው፤ መደብ ላይ ይቀመጥ።

ተጋድሞ አጥሚት መጠጣት

አይሆንም። ስትሮክ መዋጥን ያበላሻል። አጥሚቱ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ካሳለው ወይም ድምፁ እርጥብ ከመሰለ አቁሙና ለሐኪም ንገሩ።

ማሞቅና መተኮስ

«እግሩ ቀዝቅዟል» ብለው የጋለ ድንጋይ ወይም ሙቅ ውኃ በጠርሙስ የሚያስጠጉ አሉ። ስሜት የሌለው እግር መቃጠሉን አይናገርም። የዳነ እግር ላይ የተቃጠለ ተረከዝ አክሜ አውቃለሁ፤ ከስትሮኩ ይልቅ ቁስሉ ነው ወራት ያስተኛቸው። መተኮሱማ ጨርሶ ይቅር። መገላበጥ ለማይችል ሰው ደግሞ በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት። የአልጋ ቁስል ይገድላል።

እስኪነጋ መጠበቅ

ፊት ተጣመመ፣ አንድ እጅ ወደቀ፣ አንደበት ተሳሰረ ማለት ስትሮክ ነው። ተነሡ። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ አንጎል በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋስ ያጣል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሰጠው ከጀመረው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ በዚያ ሰዓት መድረስ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። መድኃኒቱም ሁሉም ቦታ የለም። ቢሆንም ሂዱ። ሐኪም ቤት ግፊቱን ያያሉ፣ ስኳሩን ያያሉ፣ መዋጡን ያያሉ። የጎረቤት የግፊት ኪኒን አትስጡት። አስፕሪንም አትስጡት፤ ደም ፈሶ ከሆነ ያባብሰዋል።

ስለ ጸበል ይጠይቁኛል። እኔም እጠመቃለሁ። ግሽ ዓባይ ሰንብተው የመጡ ሕመምተኞች አሉኝ፤ መንፈሳቸው ጠንክሮ ነው የሚመለሱት። የሚያስለቅሰኝ የግፊት ኪኒኑን ቤት ትተው የሄዱት ናቸው። ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ፍራሽም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽባ ሰው ባዶ መሬት ላይ አይተኛም። ከተሻለው በኋላም ኪኒኑን አታቋርጡ። ሁለተኛው ስትሮክ የመጀመሪያው የተወውን ይወስዳል።

ሽባነትን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ፊቱ የተጣመመ ሁሉ ስትሮክ አይደለም። ግንባሩን ማኮማተር ካቃተው፣ ዓይኑ ካልተከደነ፣ እጅና እግሩ ግን ደህና ከሆኑ የፊት ነርቭ ብቻ ታሞ ሊሆን ይችላል። «ንፋስ መታው» የምንለው ነው። ይህ ከአንጎል ውጭ ያለ ነርቭ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ይድናል። በ3 ቀን ውስጥ ሐኪም ጋ ከደረሰ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ዓይኑ እንዳይደርቅ ጠብቁለት። ለይቶ የሚናገረው ግን ሐኪም ነው፤ እቤት ሆናችሁ አትፍረዱ።

ጀርባው ላይ ጉብታ ወጥቶ፣ ላብ ላብ እያለው፣ እየከሳ፣ ቀስ በቀስ እግሩ የከዳው ሰው ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህን ቃል እባካችሁ ያዙልኝ። ብዙ ቤተሰብ «ወገቡ ተሰብሮ ነው» ብሎ አስተኝቶ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ነርቩ ገና አልሞተም፤ ተጭኖት ነው። መድኃኒቱን በጊዜ ጀምረው ሳያቋርጡ ከጨረሱት ብዙዎቹ ተነሥተው ይሄዳሉ። አንድ የቢቸና ወጣት በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ ሲወጣ አይቻለሁ።

ጓያም አለ። በጥቁር አፈራችን ላይ ዝናብ ሲያጥር ይዘራል። ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን የእግርን ነርቭ መንገድ ይጎዳል፤ እግር ይገታተራል፣ በጣት ጫፍ መራመድ ይመጣል። እንፋሎቱ ነው፣ ገለባው ላይ መተኛት ነው የሚባለው ልክ አይደለም። መብላቱ ነው። ጉዳቱ አይድንም፤ መብላቱ ሲቆም ግን አይብስም። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሳል። ቆሎውንና ጥሬውን ለልጆች አትስጡ።

ከባሕር ዛፍ ወይም ከፈረስ ላይ የወደቀ ሰው ወገቡን ካመመው በበቅሎ አታስቀምጡት፤ ወጌሻም አይሳበው። ሳንቃ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ አንገቱን ይዛችሁ፣ በቃሬዛ አምጡት። የወጌሻን እጅ ለውልቃት አከብራለሁ። አከርካሪ ግን ሌላ ነው።

የነርቭ መርፌ

በሬ ሽጠው የነርቭ መርፌ የሚገዙ ቤተሰቦች አሉ። አብዛኛው ቫይታሚን ቢ ነው። ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው መድኃኒት ነው። ስትሮክ የገደለውን አንጎል ግን አይተክልም። ቢ6 ደግሞ ከመጠን ካለፈ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። በስልክ የሚዞሩ የ«ስቴም ሴል» (ሌላ ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ) ቪዲዮዎችም እንዲሁ፤ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ቆዩ።

አንዱ እውነተኛ ዜና ይኸውና። ገርት-ያን ኦስካም የሚባል ሆላንዳዊ በብስክሌት አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ነበር። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ያሉ ተመራማሪዎች እነ ግሬጎዋር ኩርቲንና ዦስሊን ብሎክ አንጎሉንና ሕብለ ሰረሰሩን በመሣሪያ አገናኙለት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ፤ ራሱ እያዘዘ ቆመ፣ ተራመደ። ሰዎች መሣሪያውን ብቻ ያወራሉ። እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ነው። ከብዙ ልምምድ በኋላ መሣሪያው ጠፍቶም በክራንች ጥቂት መራመድ ችሏል። ያ መሣሪያ ዛሬ ጎጃም የለም። ልምምዱ ግን አለ።

በእሱ ፋንታ መናገር

አንደበቱ ለተያዘ ሰው አትጩኹበት፤ ጆሮው ደህና ነው። ቃሉንም ከአፉ ቀድማችሁ አትንጠቁት። ጠብቁት። አንዳንዱ «ውኃ» ማለት አቅቶት መዝሙር ሲጀመር ግን ከእኛ ጋር ይዘምራል። አቡነ ዘበሰማያትንም እስከ መጨረሻው ይወጣዋል። በቃል የተያዘ ነገርና ዜማ ከዕለት ንግግር በሌላ መንገድ ስለሚሄዱ ነው። ከእሱ ጀምሩለት። እንዲሁም ዝም ብሎ ግድግዳ የሚያየውን ሰው ሰነፍ አትበሉት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስት አንዱ ገደማ በድባቴ ይያዛል። ይታከማል። ንገሩን።

ዱላ

ስለ ዱላ ልናገርና ላብቃ። ጎጃም ውስጥ ዱላ የሌለው አባወራ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም አውቀዋለሁ ይላል። ሕመምተኞቼን ግን ቤተሰቦቻቸው ዱላውን በደከመው ጎን ያስይዟቸዋል። ዱላ በደህናው እጅ ነው የሚያዘው። ቁመቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም እጁ አንጓ ድረስ ይሁን፤ እረኛ ትከሻው ላይ የሚያጋድመው ረጅሙ አይሆንም። ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይመታበት፤ ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል። መጀመሪያ ዱላው፣ ከዚያ የደከመው እግር፣ ከዚያ ደህናው። ደረጃ ሲወጣ ደህናው ይቅደም፤ ሲወርድ የደከመው። የሰኞዋ ልጅ የፊታችን ሐሙስ አባቷን መልሳ ታመጣቸዋለች። ዱላቸውን እንድታስቆርጥ ነግሬአታለሁ። አገልግሉንም ይዛ እንድትመጣ።